ብድር ይዘን ወደ ጎጃም

ከጎጃም የተመለስኩ ሰሞን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ማር አመጣሽ ወይ?» ይለኝ ነበር። አላመጣሁም። ቅቤም አላመጣሁም። ይዤ የመጣሁት ስለ ማገዶ የተሞላ ቅጽና ሦስቴ ታጥቦ ጭስ ጭስ ማለቱን ያልተወ ሹራብ ነው። ማር ከኔ የጠበቃችሁ ሁሉ በማሩ ምትክ ይህን አንብቡልኝ።

ሥራዬ የኤሌክትሪክ ባለሙያነት ነው። መሥሪያ ቤታችን የሕዝብ መገልገያ ለሆኑ ሕንፃዎች፣ ለእድር አዳራሽ፣ ለመሰብሰቢያ ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለመሳሰሉት፣ ኃይል እንዲቆጥቡ የሚያስችል የመንግሥት ብድር ያቀርባል። አሠራሩ ቀላል ነው። አዳራሹ ብዙ መብራት የሚበላ ከሆነ በብድሩ አምፖሉና ሽቦው ይለወጣል፣ ጣሪያው ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ ከመብራት ሂሳቡ የሚተርፈው ብድሩን ይከፍላል። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ላሰበው ሰው እንከን የለውም። እኔም እስከዚያ ሳምንት ድረስ ያሰብኩት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

አብሮኝ የተላከው ጌትነት የብድር ክፍል ሠራተኛ ነው። እኔ ሕንፃውን አያለሁ፣ እሱ ሰዎቹን ያነጋግራል፣ ቅጹን አብረን እንሞላለን። ማመልከቻ ያስገቡት ሁለት ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱ ቡሬ ከተማ፣ ሌላው ከፍኖተ ሰላም ወደ ፈረስ ቤት በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ የገጠር እድር።

ማክሰኞ

ከአውቶቡስ ተራ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። ጌትነት ከቤቱ ያመጣውን ትራስ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ደረሰ። «የሰው ትራስ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። በኋላ እንዳየሁት እንቅልፍ የማይወስደው ቦታ የለም፤ ጫንጮ ሳንደርስ ማንኮራፋት ጀመረ። ዓባይ በረሃ ስንደርስ እንዳያመልጠው ብዬ ቀሰቀስኩት፣ ተሻግሮ አያውቅማ። ገደሉን አየ፣ እኔን አየ፣ «ምን አድርጌሽ ነው?» ብሎ ትራሱን ፊቱ ላይ ደፋ። ደጀን እስክንወጣ አላነሳውም።

ደጀንን አልፈን አንድ ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ የሽጉጥ ቅርጽ አለው፤ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ላይ አነጣጥረው ቃታውን ሲስቡት ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል። ፈታሹ በሁለት ጣቱ ይዞ አወጣው። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሙቀት መለኪያ ነው።»

«የማን ሙቀት?»

«የጣሪያ።»

መልሴ ነገሩን አባባሰው። ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ «ኧረ በኮሮና ጊዜ ግንባር የሚለካበት ነው!» ብላ ባትጮህልኝ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ፈታሹ ፊቱ ፈካ፣ ቆቡን አወለቀና ግንባሩን ሰጠኝ። ለካሁት፤ ደህና ነበር። ጓደኞቹን ጠራ። እነሱንም ለካሁ። ከዚያ ተሳፋሪው ለምን ይቅርብን ብሎ ተሰለፈ። ሾፌሩ መጨረሻ ላይ ራሱ መጥቶ ተለካና «በሉ፣ ሁላችንም ጤነኞች ነን፣ እንሂድ» አለ።

ፍኖተ ሰላም የደረስነው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው። ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ዋናውን መንገድ ተሻምተው ይሄዳሉ፤ አንዱ ፈረስ ባጃጅ ሲጠጋው ዞር ብሎ የሚገላምጠው ልክ የኛ ሰፈር ሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ የገባበትን እንደሚገላምጠው ነው። ያረፍንበት ሆቴል ሙቅ ውሃ እንዳለው በሩ ላይ ተጽፏል። አስተናጋጇን ጠየቅኳት።

«አለ» አለችኝ። «ግን ዛሬ አይሞቅም።»

አዲስ አበባ ብሆን እከራከር ነበር። እሷ ግን ይህን ያለችው በጀበና የሞቀ ውሃ ይዛ እየመጣች ነው። በጀበና ታጥቤ አላውቅም ነበር፤ ከፊትና ከእግር አያልፍም እንጂ ይበቃል።

ረቡዕ

ይህ ቀን የደብዳቤ ቀን ነበር። ወደ አዳራሾቹ ከመሄዳችን በፊት የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልገን ከአንድ ኃላፊ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ነበር። ጠዋት ገብተው ምሳ ሰዓት አልወጡም። ጌትነት ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትራሱን አድርጎ ተጋደመ። የሚያልፈው ባለጉዳይ ሁሉ በሽተኛ መስሎት «ምሕረቱን ያውርድልህ» እያለ አለፈ። አንዲት ሴትዮማ ወደኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ሆስፒታሉ እኮ በወዲያ ነው፣ ተሳስታችሁ ነው እንዴ የመጣችሁ?» አሉኝ።

ጸሐፊዋ አዘነችልንና ከቤቷ ያመጣችውን የጾም ሽሮ ለሦስት ተካፈልን። ጌትነት የተነሳው ለሽሮው ነው። ወደ ማታ ኃላፊው ወጡ፣ ደብዳቤውን ቆመው ፈረሙ፣ «በጣም አስጠበቅናችሁ፣ ስለዚሁ ነበር ስንወያይ የዋልነው» አሉን። ሰውዬው ከልባቸው ነው ያሉት።

ሐሙስ

በሚኒባስ ቡሬ ገባን። የሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሰብሳቢ አቶ አስማረ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በጠራራ ፀሐይ የአዳራሹ አምፖሎች በሙሉ በርተዋል። ለኛ ክብር የበሩ መስሎኝ አመሰገንኩ።

«አይ፣ እነሱ ሁልጊዜ ናቸው» አሉ። «ማጥፊያው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ልጅ በሬ ሊሸጥ ዱርቤቴ ሄዷል።»

«መቼ ሄደ?»

«ከጥምቀት በፊት።»

እኛ የሄድነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። «በሬው አልተሸጠለትም?» አልኩ።

«በሬውማ ተሽጧል። እሱ ነው ያልመጣ።»

«ታዲያ በሩን ለምን አትሰብሩትም?»

«ለመስበር የኮሚቴ ውሳኔ ያስፈልጋል። የኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ እሱ ነው።»

ጌትነት ቅጹን አውጥቶ ሲሞላ ፊቱ በራ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ለብድር የተመቸ ሕንፃ አይቶ አያውቅም። ይህን ያህል የሚባክን ካለ ይህን ያህል ይተርፋል፤ የሚተርፈው ደግሞ ብድሩን ጥርግ አድርጎ ይከፍላል። ይህንኑ ሲያስረዳቸው አቶ አስማረ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ብድሩ እስኪለቀቅ ድረስ ባናጠፋው ይሻላላ?» ብለው ጠየቁ። ጌትነት ቅጹን ገጽ በገጽ አየ። ቅጹ ላይ ለዚህ መልስ የለም።

እኔ ወንበር ጠረጴዛ ላይ ደርቤ ወጣሁና አምፖሎቹን በሻሽ እየያዝኩ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። አምፖል ለመፍታት ቁልፍም ኮሚቴም አያስፈልግም። አቶ አስማረ ከሥር ሆነው እየተቀበሉ «ይኸን ያህል ቀን እኮ!» ይላሉ። ልስቅባቸው አልቻልኩም። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የደረጃው መብራት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀን ከሌት ይበራል፤ በየቀኑ ከሥሩ አልፋለሁ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፣ የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ትቼዋለሁ። ይህን ለአቶ አስማረ አልነገርኳቸውም። ቤታቸው ወስደው ጥብስ ጋበዙን፤ አምፖሎቹን በዘንቢል ይዘው ስለመጡ ልጆቻቸው ፍራፍሬ መስሏቸው ከበቧቸው።

ዓርብ

ወደ ገጠሩ እድር የሚያደርሰን ሚኒባስ መገንጠያው ላይ ጣለን። ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። የእድሩ ሰዎች አንዲት በቅሎ ልከውልን ነበር። እኔ በእግሬ መሄድ መረጥኩ፣ ጌትነት ተቀመጠ። በቅሎዋ መንገዱን በደንብ ታውቃለች፤ ችግሩ የምታውቀው የባለቤቷን መንገድ መሆኑ ነው። ባለቤቷ ጎራ የሚልበት ጠላ ቤት በር ላይ በደረሰች ቁጥር ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሰው ወጥቶ ካላነጋገራት አትንቀሳቀስም። በየደጁ ሰው ይወጣል፣ ጌትነትን ያያል፣ «አያ ውበቱ ደህና አይደሉም እንዴ?» ይላል። ጌትነትም ስለማያውቃቸው ሰው ጤንነት መልስ እየሰጠ ዳገቱን ወጣ። ጾም ስለነበረና ገና ሰዓቱ ስላልደረሰ ጠላው ቀረበት እንጂ በየደጁ «ግቡ» ያላለን አልነበረም። እኛ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ግን ጎረቤቴን ካየኋት ወር አልፏል።

የበቅሎዋ ባለቤት አያ ውበቱ የእድሩ ዳኛ ሆነው ተገኙ፤ ሰማንያን ሳያልፉ አይቀሩም፣ ደህናም ነበሩ። አጠገባቸው መሪጌታ ፈንታ፣ የደብሩ የቅኔ መምህርና የእድሩ ጸሐፊ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ቆመዋል። አዳራሹን ሕዝቡ በገዛ እጁ በድንጋይ የሠራው ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ቆርቆሮው ኮርኒስ የለውም፣ መስኮቱ የእጅ መዳፍ ያህል ነው፣ ውስጡ ከውጩ ይበርዳል። አንድ አምፖል አለ። እሱንም የሚያበሩት የአባላት ስም ሲጠራ ብቻ ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ሲያልቅ ያጠፉታል፣ ጉዳዩን በጨለማ ይነጋገራሉ።

የብድሩን ነገር ለተሰበሰቡት አባላት አስረዳሁ። መመለስ እንዳለበት አጥብቄ ተናገርኩ። መሪጌታ ፈንታ ረጋ ብለው «ግዴለሽም ልጄ» አሉ፤ «እኛ ብድር መመለስ እናውቅበታለን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጌትነት ደስ ብሎት «ብድር የመመለስ ልምድ አላቸው» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ብድር መመለስ ማለት ለበደለ ሰው የእጁን መስጠትም እንደሆነ በጆሮው ስነግረው ጽሑፉን ሰረዘው።

ከዚያ የመብራት ሂሳባቸውን አየን። ጌትነት ወረቀቱን ገለበጠው፣ ከጀርባው ሌላ ካለ ብሎ። የለም። በአንድ አምፖል ላይ ምን ይቆጠባል? ቅጹ «ሊቆጠብ የሚችል ኃይል» ይላል፣ እኛ መጻፍ ያለብን «የለም» ነው፣ «የለም» ከተጻፈ ደግሞ ማመልከቻው ውድቅ ነው። ይህን የመናገር ዕጣ ለኔ ደረሰኝ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። «እንግዲህ» አሉ፣ «አባክነን ቢሆን ኖሮ ትሰጡን ነበር ማለት ነው?»

ቡሬ ላይ የፈታኋቸው አምፖሎች ትዝ አሉኝና አንገቴን ደፋሁ። የቆጠበን ሰው ስለ ቁጠባው የቀጣሁ መሰለኝ።

የሚያሳድሩን ወይዘሮ ያልጋነሽ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በእድሩ የሴቶቹ አለቃ። ድንች ቀቅለው፣ በሚጥሚጣ ለውሰው አቀረቡልን፤ እንዲህ ያለ ድንች አዲስ አበባ የለም፣ እኛ የምንገዛው የዚህ ድንች የሩቅ ዘመድ ነው። አልጋቸውን ለኔ ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ብከራከር፣ ብለምን አልሰሙኝም። «ነገ ተዝካር አለ፤ ሳትበሉ አትሄዱም» አሉ። ያዘነ እንግዳ መሸኘት ነውር ነው የሚሉ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ተዝካሩ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። ድግሱ የሚሠራው ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የእድሩ ማድ ቤት ነው። ትናንት ያን ሁሉ ስለካ ማንም አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወይዘሮ ያልጋነሽ «ነይ እስቲ፣ ወጡን አማስይልኝ» ብለው ይዘውኝ ገቡ።

መስኮት የለውም። ጭስ መውጫ የለውም። በሦስት በሦስት ጉልቻ የተጣዱ፣ ሰው ውስጣቸው ቆሞ ሊታጠብባቸው የሚችል ድስቶች በረድፍ ይንተከተካሉ። ሴቶቹ በጭሱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ድምፅ እየሰሙ ይሄዳሉ። ማማሰያውን ይዤ ምን ያህል ቆየሁ? ለኔ ግማሽ ቀን ነው፤ ወይዘሮ ያልጋነሽ ግን «ገና ሁለቴ አላዞረችውም» እያሉ ነው የሚያወሩት። እንባዬ እየወረደ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ እየሳልኩ ሮጬ ወጣሁና ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ።

የሟች ሴት ልጅ አየችኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ለአባቷ እንዲህ ስታለቅስ! መጥታ አቀፈችኝ፣ አብራኝ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሉ። «አባቴን ታውቂው ኖሯል?» ትለኛለች፤ ሳል አንቆኝ መመለስ አልቻልኩም፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ጌትነት ከሩቅ አየን፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቅ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገባችን ቆመና እሱም ዓይኑን መጠራረግ ጀመረ።

ትንፋሼ ሲመለስ «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ጭሱ ነው» አልኳት።

 ሳቀች፣ እንባዋ ሳይደርቅ። «እኛም እኮ ግማሹ ጭሱ ነው» አለች።

ይህን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ከማድ ቤቱ ጎን የተከመረውን ማገዶ ያየሁት። ጣሪያውን ያክላል። «ይህ ለስንት ጊዜ ነው?» ብዬ ወይዘሮ ያልጋነሽን ጠየቅኩ።

«ለዛሬ ነዋ።»

«ከየት ይመጣል?»

በእጃቸው ዳገቱን አሳዩኝ። እድሩ ተባብሮ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ከሥር ያለው ተራ ጉቶ ብቻ ነው፤ ለቀብር፣ ለተዝካር፣ ለማኅበር እየተቆረጠ ወደ ላይ እየሸሸ ሄዷል። «ግማሹ እንኳ ቢተርፍ ፍኖተ ሰላም ለቤት ሠሪ ይሸጥ ነበር» አሉ። «ቀጥ ያለው ግንድ ሁሉ የሚገባው እዚህ ጉሮሮ ውስጥ ነው።»

ጌትነትን ጠራሁት። ቅጹን ይዞ ሮጠ። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ሌላ ማገዶ ወይም ነዳጅ ካለ ይገለጽ» የሚል መስመር አለ፤ እስከ ዛሬ ሞልተነው አናውቅም፤ እኔ እንዲያውም ለጌጥ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ጭስ መውጫ ያለው የተዘጋ ምድጃ ቢሠራ ማገዶው ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል። የተረፈው ግንድ ይሸጣል። የተሸጠው ብድሩን ይከፍላል።

ከምሳ በኋላ ሰብሳቢዎቹ ተቀመጡ። አያ ውበቱ አልተዋጠላቸውም። «ብድር የጠየቅነው ለአዳራሹ ነው» አሉ። «ማድ ቤት ደግሞ ሕንፃ ነው እንዴ? የሴቶች ነገር ነው፤ እኔ በሰማንያ ዓመቴ ውስጡን አይቼው አላውቅም።»

ወይዘሮ ያልጋነሽ በር ላይ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉና ገቡ። «አያ ውበቱ፣ እርስዎ ውስጡን አላዩትም፤ እሱ ግን በየተዝካሩ እርስዎ ውስጥ ሲገባ ኖሯል» አሉ።

መሪጌታ ፈንታ ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። አነጋገሩ ቅኔ ሆኖላቸው ደጋግመው አጣጣሙት። ከዚያ ተነሥተው «ዳኛ ሆይ፣ ከዚህ በላይ ክርክር የለም» አሉ። አያ ውበቱም ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም።

ደንቡ የሕንፃው ተጠቃሚዎች ይፈርማሉ ይላል። የማድ ቤቱ ተጠቃሚዎች ደግሞ ሴቶቹ ናቸው፤ ስለዚህ እስከዚያ ቀን በእድሩ ወረቀት ላይ ስማቸው ሰፍሮ የማያውቅ ሴቶች ተሰለፉ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ግን ብዕሩን አልቀበልም አሉ። «መጀመሪያ አንብብልኝ፣ ልጄ።» ጌትነት ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። «ድገመው።» ደገመው። «ባንከፍል የሚወሰደው ማነው፣ ምድጃው ነው ወይስ እኛ?» ጌትነት ምድጃውም እናንተም አትወሰዱም፣ መጀመሪያ መጥተን እንነጋገራለን አለ። «ከመጣችሁማ ድንች አለ» አሉና ፈረሙ።

እሁድና ከዚያ ወዲህ

ከቅዳሴ በኋላ ተሰናብተን ወረድን። ጌትነት በቅሎዋን እምቢ ብሎ በእግሩ ሄደ። ሌሊቱን ፍኖተ ሰላም አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን።

የክፍል ኃላፊያችን ቅጹን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። የማገዶው መስመር ላይ «ሁለት መቶ ሸክም» ይላል። «ሸክም ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው?» አሉኝ። አላውቅም። ወደ መንደሩ ደወልን፤ ሴቶቹ አንድ ሸክም ማገዶ በእህል ሚዛን መዝነው ኪሎውን ነገሩን፤ የማን ሸክም ልክ ሆኖ ይመዘን በሚለው ሲከራከሩ ግማሽ ቀን እንደፈጀ መሪጌታ አጫወቱኝ። ከኪሎው ወደ ኪሎዋት ሰዓት እኔ አሰላሁት። ኃላፊያችን ሁለቴ አዩት፣ ከቡሬው ጋር አስተያዩት፣ ሁለቱንም ፈረሙባቸው።

ክረምቱ ሳይገባ ምድጃው ተሠራ፣ ጭስ መውጫው ወጣ፣ ግድግዳው በኖራ ተቀባ፣ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ቆርቆሮ ገባ። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ያልጋነሽ ደወሉልኝ። ማገዶው በግማሽ እንዳነሰ፣ የመጀመሪያው ግንድ እንደተሸጠ ነገሩኝ። ደስ ብሎኝ ችግር ገጥሟቸው እንደሆን ጠየቅኩ።

«አንድ አለ» አሉ። «አዳራሹ ይበርዳል፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ይሞቃል፤ ይኸው ሰብሳቢዎቹ ስብሰባቸውን እኛ ዘንድ አዛውረውታል። አያ ውበቱ ምድጃው አጠገብ መደብ አሠርተዋል፤ ወጥ ልናማስል ስንል እግራቸውን እያነሳን ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ለመቀርቀሪያ የሚሆን ብድር የለውም?»